ባለ ሦስት እግሩ ወፍ

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁባት ሌሊት ጨረቃ ነበረች ብዬ ልጀምር ፈልጌ ነበር። ግን ይህን ዘይነብ ታነበዋለች፤ ዘይነብ ደግሞ ውሸት አታሳልፍም። ጨረቃ አልነበረችም፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር። ዘይነብ፣ የባሌ እኅት፣ ትንሿን ስልኳን በጥርሷ ነክሳ በመብራቱ ሻንጣዬን ታስራለች፤ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አቅፌያለሁ።

«ሰው ከቤቱ ሲወጣ ወርቁን ያቅፋል» አለችኝ ስልኩን ከአፏ አውጥታ። «አንቺ ቆርቆሮ።»

ወርቅ ቢኖረኝ ለሷ ትቼላት ቆርቆሮውን ይዤ እወጣ ነበር። ውስጡ ኪሮሼ፣ ግማሽ ላይ የቆመ የዳንቴል መጋረጃና አንድ ታጥፎ የተቀመጠ ወረቀት አለ። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ ያ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ቀድሜ ስለሱ ልንገራችሁ።

ባለቤቴን እኔም ጎረቤቱም «መምህሩ» ነበር የምንለው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈታ። ቤት ውስጥ የሚቆጠር ነገር ሲያጣ የእኔን ዳንቴል መቁጠር ጀመረ። አንድ ቀን ከሒሳብ ደብተር አራት ባለ ካሬ ገጾች ገንጥሎ አጣበቀና በመስኮታችን የሚታየውን ሐይቅ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሣለበት፤ ከታች ውሃው፣ መሀል ላይ ደንገሉ፣ ከላይ ተራራውና ሦስት የውሃ ወፎች። የተቀባው ካሬ በክር የሚሞላ ነው፣ ነጩ ካሬ ቀዳዳ። እኔ ኪሮሼን ይዤ እቀመጣለሁ፣ እሱ መነጽሩን አድርጎ ለአምስተኛ ክፍል እንደሚያስተምር ሰው ያነብልኛል፤ «ሰባት ባዶ። ሁለት ሙሉ። አንድ ባዶ።» ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ይላል፣ ከኋላ የተቀመጠ እንዲሰማ።

ከወፎቹ አንዱ ታዲያ ሦስት እግር ነበረው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው እግር መቁጠር ላይ ተሳሳተ። ስነግረው አላመነም። ሦስተኛው ከኋላ ያለው ወፍ እግር ነው አለ። የኋላኛው ወፍ የታለ ብለው «እየመጣ ነው» አለኝና ማንበቡን ቀጠለ።

ወፎቹ ጋ ሳንደርስ፣ ገና ደንገሉ ላይ እያለን ታመመ። አላህ ይዘንለት፣ ብዙ አልቆየም። ኢዳዬን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ የምትቀመጥበትን አራት ወር ከዐሥር ቀን፣ ቆርቆሮውን ሳልከፍት ጨረስኩ። ልጄ ሐያት ከአዲስ አበባ በየቀኑ እየደወለች ለአንድ ወር ብቻ ነይ ትለኛለች። ቤቱ ጸጥ ሲል የግድግዳው ሰዓት እንኳ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚመታ ይመስለኝ ጀምሮ ነበርና እሺ አልኩ።

ሱብሂ ሰግደን ስንወጣ የመምህሩን ጫማ ደጃፉ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሌባ ወንድ አለ ብሎ እንዲፈራ ነው። ዘይነብ ቆማ አየችው። ጫማው በየቀኑ ቦታ ካልቀየረ ሌባውም ይነቃል አለች። «ግድ የለሽም፣ እኔ አዞርልሻለሁ።»

ለመንገድ ከሐይቃችን የወጣ ዓሣ ጠብሳ ሰጥታኝ ነበር። ከሚሴ ሙቀት ላይ ስንደርስ አውቶቡሱ ሁሉ ከየት እንደመጣሁ አወቀ። ከፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ብሎ ሐይቁን ራሱን ነው ወይ ይዤው የመጣሁት ሲል ጠየቀኝ። አንድ ዓሣ አቀበልኩት። ደብረ ሲና ስንደርስ ሌላ እንዳለ ጠየቀኝ።

ሐያት ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር መሳለሚያ አጠገብ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ለእኔ ጎኗ ካለው ግቢ ክፍል ተከራይታልኛለች። አከራይዋ እትዬ ረውዳ ይባላሉ። የስልጤ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ጎጃም በረንዳ አርባ ዓመት በርበሬ ሲነግዱ ኖረው አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ትተዋል። መነገዱን እንጂ መደራደሩን አልተዉትም። ገና ሻንጣዬን ሳላወርድ ሕጉን ነገሩኝ።

«ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ነው የሚመጣው። ልብስ በተራ ነው የሚሰጣው። ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም። ባልሽ ይመጣል?»

«አይመጣም።»

«ደግ። ወንድ ውሃ ያበዛል።»

ማታውኑ ከሐያት ሰሙ መሰለኝ፣ በማግስቱ አንድ ሰሐን ቆጮና አይብ በሬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ስለ ባሌ ቃል አልተነፈሱም። ምስማር ግን አንድ ፈቀዱልኝ።

እናንተ እዚያ ሐይቅ የምትኖሩ፣ ክረምት ሲባል ጭቃና አረም ነው የሚታያችሁ። እዚህ ክረምት ደስታ አለው። ዝናቡ ሲመጣ መርካቶ፣ ያቺ ማንም የማያቆማት መርካቶ፣ ለአንድ ሰዓት ቀጥ ትላለች። ተሸካሚው ከነሸክሙ፣ ነጋዴው ከነደንበኛው አንድ በረንዳ ሥር ይቆማል፤ የተጠበሰ በቆሎ ይግጣል፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ሆኖ ሰማዩን ያማል። በለስ በጋሪ ይመጣል። ሻጩ በቢላ ልጦ እጃችሁ ላይ ያስቀምጥላችኋል። እኛ ጋ በለስ ከፍሎ የሚበላ ሰው ቢገኝ ታሟል ብለን ዱዓ እናደርግለታለን። በመጀመሪያው ሳምንት በፍጹም አልበላም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሻጩ ከሩቅ ሲያየኝ ቢላውን ማውጣት ጀመረ።

ክሩንስ ብታዩት። ሐይቅ አንድ ሱቅ አለን፣ አንድ ቀለም፣ ነጭ። እዚህ ክር ብቻ የሚሸጥበት ሙሉ መንገድ አለ። አንዱን ነጋዴ ሰማያዊ ክር ስጠኝ ብለው የትኛውን ሰማያዊ አለኝ። የሐይቅን ሰማያዊ አልኩት። የጠዋቱን ነው የማታውን አለኝ። ተሸነፍኩና ነጭ ገዛሁ። ምራቂ የለውም ወይ ብለው አንዲት መርፌ ጨመረልኝ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲደበድብ የግቢው ሴቶች በረንዳው ላይ ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ትጠልፋለች፣ አንዷ ሹራብ ትሠራለች፣ እትዬ ረውዳ ዳንቴላቸውን ይዘው የሁላችንንም ስፌት ይነቅፋሉ። ቆርቆሮዬን መጀመሪያ የከፈትኩት እዚያ ነው። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ለራሴ አነበብኩት። እጄ አልረሳም ነበር። ግን ሁለት ሁለት ጊዜ የሚልልኝ ስለሌለ ረድፉ ቶሎ ቶሎ ያልቅብኛል።

እትዬ ረውዳ አንገታቸውን አስግገው ሥራዬን አዩት፣ ወረቀቱን አዩት፣ በሦስተኛው ቀን ናሙናውን ስጪኝ አሉ።

እዚህ ላይ እንደ እኔ ከወሎ የመጣችሁ ትረዱኛላችሁ። እኛ ሠፈር ናሙና የጠየቀች ሴት አትከለከልም፤ መከልከል ነውር ነው። ግን ዓይኗን ያፈሰሰችበትን ሥራ እንዳለ አንሥታ የምትሰጥ ሞኝም የለችም። እናቴ «ስጪ፣ ግን ቀዳዳ አጉድለሽ ስጪ» ብላ ነው ያሳደገችኝ። አንድ ባዶ ይጎድላል ወይም አንድ ሙሉ ይጨመራል፤ የተቀባይዋ አበባ ትንሽ ይጣመማል። ተቀባይዋም ይህን ታውቃለች። ስንት ጊዜ ፈትታ ስንት ጊዜ ሠርታ የጎደለውን ያገኘች ቀን በር ድረስ መጥታ ትስቅብሻለች። ይህ እኛ ጋ ጨዋታ ነው። መርካቶ ያውቁት አያውቁት አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ወረቀቱን ከእጄ ሳልለቅ አነበብኩላቸው፣ እሳቸው ጻፉ። ሦስት ቦታ ዋሸሁ። ሦስቱም በረንዳ ላይ በዝናብ ድምፅ ውስጥ በጣም ጣፋጭ ውሸቶች ነበሩ። የት የት እንደሆኑ ግን አልያዝኩም፤ ሌባ የሰረቀበትን ቦታ አይመዘግብም። ሦስት እግር ያለው ወፍ ላይ ስደርስ ብቻ እንዳለ አነበብኩት። እሱን ለማቃናት አፌ እንቢ አለኝ።

ወሩ አልቆ ሌላ ወር ሲደገም እትዬ ረውዳ ጊዜያዊ መታወቂያ አውጪ አሉኝ። ወረዳ ሄድኩ። ከሐይቅ ይዤው በመጣሁት መሸኛ ደብዳቤ ላይ «ያገባች» ይላል። የጻፈው ልጅ መምህሩ ያስተማረው ነውና ሌላውን ቃል ለመጻፍ እጁ እንቢ ብሎት ነው። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል ባለቤቴ መጥተው መፈረም እንዳለባቸው ነገረኝ።

«መምጣት አይመቸውም» አልኩት።

«የት ናቸው?»

«ሐይቅ፣ ከመስጊዱ ጀርባ።»

«ታዲያ ቅርብ ነው። የሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቀው ይምጡ።»

«ፈቃዱ የት እንደሚጠየቅ ብትነግረኝ እኔው እጠይቅለት ነበር።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሴትዮ ገብቷቸው ለሞተ ሰው የሚባለውን ኢና ሊላሂ አሉ። ሰውዬው ያኔ ነው ቀና ያለው። ደነገጠ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሞት ማስረጃ ካመጣሁ ፊርማው እንደሚቀር አጽናናኝ። ሠላሳ ዓመት ጠዋት ማታ የሥራ ሰዓት ሲፈርም የኖረ ሰው በመጨረሻ ከፊርማ ነፃ ወጣ።

ቤት ስመለስ የብስኩቱ ቆርቆሮ ክዳን ጥብቅ ብሎ ተዘግቷል። የእኔ ክዳን አይዘጋም። ጠርዙ የተጣመመ ነው፣ ለመዝጋት ሰው ሊቀመጥበት ይገባል። የክፍሉ ትርፍ ቁልፍ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ ማንም የማይደርስበት ቦታ ደበቅኩት፤ ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ ከጣሪያው ሥር። በብልጠቴ ተደስቼ ተኛሁ። ሐያት ዘንድ ስለ ሌቦች ብዙ አወራሁ።

በዚያ ሳምንት ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። መጋረጃው ደንገሉን ጨርሶ ወፎቹ እግር ላይ ደርሶ ነበርና ወረቀቱን ለማየት ወንበር ላይ ወጣሁ። እጄ የገባው ሻይ ውስጥ የቆየ ዳቦ ውስጥ ነው። ጣሪያው ልክ እዚያ ላይ ኖሯል የሚያፈሰው። ሰማያዊው ቀለም ሟሙቶ፣ ካሬው ጠፍቶ፣ ሐይቁ እውነተኛ ውሃ ሆኗል። ላነሣው ስል በጣቶቼ መሀል ተበጣጠሰ። መምህሩ ሁለት ጊዜ ነበር የሚለው፤ አሁን ሁለተኛ ጊዜ ሄደ።

እንግዲህ በዓለም ላይ የቀረው እኔ ራሴ እየዋሸሁ ያስጻፍኩት ብቻ ነው።

እትዬ ረውዳ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ በቆሎው አወራን። ከዚያ ያን ያነበብኩላቸውን ወረቀት ለአንድ ቀን እንዲያውሱኝ ጠየቅኩ።

«ለምኑ?»

«ላመሳክር።»

«ከምኑ ጋር ነው የምታመሳክሪው?»

ውሸት ፈለግኩ፤ ያን ቀን አላገኘሁም። «ወረቀቱ ራሰ እትዬ። ምንም አልቀረም።»

እጃቸው በቆሎው ላይ ቆመ። «የመምህሩ ወረቀት?»

«የመምህሩ።»

ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። አላስቻለኝም፤ ከኋላቸው ተናገርኩ። «ግን አንቱ፣ ያስጻፍኩዎት ትክክል አይደለም። ሦስት ቦታ ዋሽቻለሁ። የት የት እንደሆነ እኔም አላውቀው።»

ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አሁን አስወጡኝ ብዬ ስፈራ ለካስ እየሳቁ ነው። ሁለት ወረቀት ይዘው ተመለሱና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይኸኛው የነገርሽኝ ነው» አሉ። «ይኸኛው ደግሞ ያልነገርሽኝ።»

ሁለተኛው ከልጅ ልጃቸው የሒሳብ ደብተር የተገነጠሉ አራት ገጾች ነበሩ። ካሬ በካሬ፣ በእርሳስ፣ ውሃው አለ፣ ደንገሉ አለ፣ ተራራው አለ።

«ወረዳ የሄድሽ ቀን ነው ከቆርቆሮሽ አውጥቼ የገለበጥኩት። አርባ ዓመት በርበሬ ነግጃለሁ፤ እንደሰጡኝ አልቀበልም፣ ደግሜ ነው የምመዝነው። ሦስቱንም ውሸትሽን ማታውኑ አግኝቻቸዋለሁ።» ከዚያ ጣታቸውን ወፎቹ ላይ አሳረፉ። «አራተኛው ነው እስካሁን ያልገባኝ። ስትነግሪኝም ሦስት እግር፣ ወረቀቱም ላይ ሦስት እግር። ይቺ ሴትዮ ወረቀቱንም አበላሽታ ነው የጠበቀችኝ ብዬ አንዱን ሰረዝኩት።»

«እሱ የኔ አይደለም» አልኩ። «እሱ የመምህሩ ነው።»

ወረቀቱን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው የልጅ ልጃቸውን ላጲስ አመጡና በሦስተኛው እግር ላይ ያሰመሩትን መሰረዣ ቀስ ብለው አጠፉት። ብናኙን እፍ አሉት።

«ይቁም» አሉ። «ሲደክመው ይደገፍበታል።»

በሬን ከፍተው ገብተዋል፣ ቆርቆሮዬን በርብረዋል። መቆጣት ነበረብኝ። የሰረቀኝን ሰው ግንባር ስስም ያ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ዘይነብ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ባለፈው ዓርብ ስትደውል ዝናብ ነበር፣ በረንዳው ላይ ነበርን። መጀመሪያ የጫማውን ነገረችኝ፤ በዚህ ሳምንት ወደ ግራ አዙራዋለች፣ አቧራውንም ጠርጋለታለች። ቀጥላ የሁልጊዜ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«መጋረጃውን ስጨርስ።»

«ስንት ረድፍ ቀረሽ?»

«ዐሥራ አንድ።»

«ዐሥራ አንድ ረድፍ ለአንቺ የሁለት ቀን ሥራ ነው።»

ክሩ በዝናቡ ረጥቦ እጄን ይይዘኛል አልኳት። ዘይነብ ውሸት አታሳልፍም ብያችሁ ነበር። ያን ቀን አሳለፈችልኝ። በስልኩ ውስጥ ከሷ በኩል የሐይቁ ንፋስ ይሰማኛል፣ ከእኔ በኩል ደግሞ እትዬ ረውዳ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ረድፉን እያነበቡልኝ ነበር፤ «ሰባት ባዶ፣ ሁለት ሙሉ፣ አንድ ባዶ፣ ምን ይጎትትሻል ሴትዮ?»

«ማን ነው የሚቆጥርልሽ?» አለች ዘይነብ።

«አከራይዬ ናቸው።»

«እንደሱ ይቆጥራሉ?»

«አይ» አልኳት። «እሳቸው አይሳሳቱም።»